የሞጣው ጤፍ

ባለፈው ቅዳሜ ወፍጮ ቤት በር ላይ ተራ ስጠብቅ ነው ነገሩ ሁሉ የተነሣብኝ። የሰማንያ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ወፍጮ ቤት ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል፤ ልጆቼም ይህንኑ ይሉኛል። «አባባ፣ የተፈጨ ዱቄት በከረጢት ይሸጣል፤ ምን ያንከራትትዎታል?» እኔ ግን ጤፉን ራሴ ገዝቼ፣ ባጃጅ ላይ አስጭኜ፣ ሲፈጭ ቆሜ ካላየሁ ልቤ አያርፍም። የቢቸና ወፍጮ ዛሬ በመብራት ነው የሚሠራው፤ እንደ ድሮው በናፍጣ እየተንደቀደቀ የሰፈሩን ግድግዳ አያንቀጠቅጥም። ሽታው ግን ያው ነው። ትኩስ የጤፍ ዱቄት ከድንጋዩ ሥር ሲወርድ የሚሸት ያ ሞቅ ያለ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ከፊቴ የቆሙት ሴቶች ስለ ኩንታል ዋጋ የሚያወሩትን መስማት ተውኩ። አንድ የክረምት ጠዋት፣ አንድ ስልቻ ጤፍና አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ መጡብኝ። ልጅቷ የእኔው ልጅ ናት።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። ዓመቱን አልጠራም፤ ብጠራውም ለአንባቢ ምንም አይጨምርለትም። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። የመንግሥት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ደመወዜ ስልሳ አምስት ብር። ደብረ ማርቆስ በልክ ያሰፋሁት ካኪ ኮትና ሱሪ ነበረኝ፤ ጥቁር ጃንጥላዬን ዝናብ ኖረም አልኖረም ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የምሄደው። ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ ካለችው ሻይ ቤት አንድ ትልቅ ሬዲዮ ነበር፤ ማታ ማታ ዘፈን ሲጀምር መንገደኛው ሁሉ ከነአህያው ይቆም ነበር። ሻይ አሥር ሳንቲም። ስድስት እንቁላል በስሙኒ። ዶሮ በሃምሳ ሳንቲም፤ ደህና አውራ ዶሮ ከሆነ ባለቤቷ ሰባ አምስት ትላለች፣ ትከራከራለህ፣ በስልሳ ትወስዳለህ። አንድ ጠርሙስ ላምባ ስሙኒ። ነጭ ጤፍ በጥር ኩንታሉ ሃያ ብር፣ በክረምት ግን ሠላሳን አልፎ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ዛሬ በቃሌ የምለው ያኔ አውቀው ስለነበር እንዳይመስላችሁ። ያኔ ከሻዩ በቀር አንዱንም አላውቅም ነበር።

የምታውቀው ባለቤቴ የዝና ነበረች። ደመወዝ ሲመጣ አርባውን ብር እሰጣታለሁ፤ የቀረው ለቤት ኪራይ፣ ለዕድርና ለኪሴ ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚገዛ፣ ምን እንደሚበቃ ጠይቄ አላውቅም። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን በርበሬ መቼ እንደሚረክስ፣ ባቄላ ከየትኛው ገበያ እንደሚሻል፣ አንድ ጋት አቡጀዴ ከየትኛው የልጅ ቀሚስ እንደሚተርፍ ታውቃለች። ጎታውን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ ድምፁን ትሰማና «አሥራ አንድ ቁና ቀርቶናል» ትላለች፤ አንድ ቁና አትስትም። እኔ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ሁሉ አንድ ፊደል ሳልስት እይዛለሁ፤ ጓዳ ግን አልገባም። በእኛ ዘንድ ቁና ይዞ ጓዳ የሚገባ ወንድ መሳቂያ ነው። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ባልና ሚስት ሆነው አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው የወር ወጪያቸውን ሲጽፉ አያለሁ። ሲጨቃጨቁም እሰማለሁ። ይጨቃጨቁ፤ እኛ ያልተጨቃጨቅነው ስለተስማማን አልነበረም።

ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከሞጣ መልእክት መጣ። የዝና እናት ወድቀዋል፤ ከአልጋም አይነሡም። በነጋታው ጠዋት እህል የሚጭን መኪና ወደ ሞጣ ይነሣል ተባለና የዝና ጡት ያልጣለውን ታናሹን አዝላ ተነሣች። ሁለቱ ትልልቆቹ፣ የአሥር ዓመቷ አስናቁና የስድስት ዓመቱ ወንድሟ፣ ከእኔ ጋር ቀሩ። የዝና መቀነቷን እያጠበቀች በር ላይ ቆማ ትነግረኝ ጀመር።

«ይስሙኝ ልንገርዎት። በጓዳው በር ያለው ጎታ በቁና ከተለካ እስከ ነሐሴ ያደርሳል። እትዬ ውዴ ትጋግርልዎታለች፤ እርስዎ ራስዎ ይስፈሩላት። ሽሮው በማሰሮ ነው። ከአልጋው ጀርባ ያለውን ደብኝት ግን…»

«እሺ፣ እሺ።»

«ገባዎት?»

«ገባኝ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ።»

ምንም አልገባኝም ነበር። ያን ጠዋት አለቃዬ የጠየቀኝ አንድ መዝገብ ጠፍቶብኝ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ነበር። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ እሺ እሺ እላለሁ። ደብኝት ማለት ለማያውቅ፣ በጭቃና በእበት የተሠራች ትንሽ ጎታ ናት። የእኛዋን የዝና አፏን በእበት መርጋ፣ እበቱ ሳይደርቅ አራት ጣቷን ጭና ነበር። ያን የጣት ምልክት ስንት ጊዜ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አይቼዋለሁ፤ ጌጥ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤት ማስተዳደር እንዲህ ቀላል ነው እንዴ አልኩ። የግንቦትን ደመወዝ ሙሉውን በእጄ ይዣለሁ። ለልጆቹ ከዐረቡ ሱቅ ስኳርና ዳቦ አመጣሁ፤ የዝና ስኳር የምትገዛው ለበዓል ነበር። ሁለቱንም ኮንጎ ጫማ አጫማኋቸው። የሰው ልጅ በላስቲክ የዝናብ ልብስ አጊጦ ከማይ ብዬ እሱንም ገዛሁላቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየን፣ እኔም ደስ አለኝ። ሚስቴ የለችም ብዬ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼን ሁለት እሑድ ጠራሁ። እትዬ ውዴ፣ ጎረቤታችን የነበረች ባሏ የሞተባት ሴት፣ ልትጋግር ስትመጣ «ምን ያህል ልውሰድ?» ትለኛለች። «ከጎታው ነው፣ አንቺው ውሰጂ» እላለሁ፤ ከወንበሬ ሳልነሣ። ደህና ሴት ነበረች፤ አልሰረቀችኝም። ለሦስት ሰው ነው ሲሏት ለስምንት ጋገረች፣ እንግዳ ይመጣል ብላ ጨመረች፣ የተረፈው ሻገተ፣ ዶሮ በላው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ያን ዓመት የወረደው ዝናብ ለብቻው ነው። የደብረ ማርቆሱ መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪና ዋጠ፣ የሞጣውም ተዘጋ፤ ደመወዛችን እዚያ ማዶ ቀረ። ከየዝና ወሬ የለም። በሰኔ መጨረሻ ኪሴ ውስጥ ሁለት ብር ከስሙኒ ነበረች። ሐምሌ በገባ በአራተኛው ቀን እትዬ ውዴ ከጓዳ ወጥታ ባዶ ቁና አሳየችኝ።

«ጎታው አለቀ ጌታው። እኔማ የሚያውቁት መስሎኝ።»

ያን ቀን ልጆቹ ቆሎ በሉ። በማግስቱም ቆሎ። ወንዱ ልጅ ሆዴን እያለ አለቀሰ። ጎረቤት መለመን ነውር ነው፤ የስልሳ አምስት ብር ደመወዝተኛ፣ ባለጃንጥላ፣ ልጆቹን የላስቲክ ካፖርት ያለበሰ ሰው አንድ ቁና ጤፍ ስጡኝ አይልም። ያኔ ዐይኔ ከአልጋው ጀርባ ሄደ። የዝና ለበዓል ወይም ለዝክር ያስቀመጠችው ነው፣ ልጆቿ እየራባቸው ምን ዝክር አለ ብዬ ተነሣሁ።

«አስናቁ፣ መጥረቢያውን አምጪ።»

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። «አባባ፣ እማዬ እኮ እሱን እንዳይነኩት ብላለች።»

«መቼ ነው ያለችው?»

«የሄደች ለት። በሩ ላይ። እርስዎም እሺ አሏት።»

እውነቷን ነበር፤ እውነቷን መሆኑም ነው ያናደደኝ። «አባትሽን ልታርሚ ነው? አምጪ ብያለሁ!» ብዬ ጮኽኩባት። አመጣች። የተመረገውን በአንድ ምት ከፈትኩት። ውስጡ ያለው ጤፍ ዐይን ይማርክ ነበር፤ ነጭ፣ አንድ ጉድፍ የሌለበት። አንድ ስልቻ ሞላ። ሁሉንም ወፍጮ ቤት ወሰድኩት፤ ትንሽ ትንሽ እያሉ ማመላለስ ለክብሬ አይመጥንም። ባለወፍጮው እፍኝ ዘግኖ አየና «ጌታው፣ እንዲህ የጸዳ ጤፍ ለወፍጮ ሲመጣ አይቼ አላውቅም» አለኝ። እኔ ደግሞ ኮራሁ! «የቤታችን ጤፍ እንዲህ ነው» አልኩት። ያን ሽታ ነው እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ የሸተተኝ። ልጆቹ ጠገቡ። ሐምሌ በገባ በዘጠነኛው ቀን ደመወዝ መጣ።

ከከተማው ውጪ ከአባቴ የወረስኩት ሁለት ጥማድ መሬት ነበረን። የሚያርስልን አያ ፈንቴ የሚባል ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ገበሬ ነው፤ ዘሩ ከእኛ፣ በሬውና ጉልበቱ ከእሱ፣ ምርቱ እኩል። ደመወዙ በመጣ በሳምንቱ ገደማ አያ ፈንቴ ገሳውን እንደለበሰ፣ ባዶ ስልቻ ትከሻው ላይ ጥሎ በራችን ላይ ቆመ። ውሃው ከገሳው ይንጠባጠባል።

«ጌታው፣ ማሳው ለስልሷል። አራቴ ገልብጬዋለሁ። ዘሩን ይስጡኝና ገብርኤል ባለፈ ማግስት ልዝራው።»

«የቱን ዘር?»

ሳቀ። «ያቺን የሞጣዋን ነዋ። የወይዘሮ የዝናን። ሌላ ምን ዘር አለን?»

ዞሬ ከአልጋው ጀርባ የከፈትኳትን ደብኝት አየሁ። የሞጣው ጤፍ! ስሙንማ አውቀዋለሁ። አስናቁ የተወለደች ጊዜ አማቴ ከሞጣ ድረስ በበቅሎ አስጭነው ለልጃቸው ያመጡት ዘር ነው። እሳቸውም ከእናታቸው ነው ያገኙት። የዝና ያንን ዘር አሥር ዓመት ሙሉ ከየምርቱ ላይ ምርጡን እየለየች፣ እያበጠረች፣ ከሌላ ጤፍ ሳታደባልቅ አቆይታው ኖራለች። እንጀራውን በልቼ አመስግኜ አውቃለሁ፤ ዘሩ ከመከር እስከ መከር የት እንደሚያድር ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

«አያ ፈንቴ፣ ዛሬ አልተመቸኝም፤ ሰኞ ብቅ በል» አልኩት።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ገበያውን በጃንጥላዬ ዞርኩት። ነጭ የጤፍ ዘር ብዬ የጠየቅኳት አንዲት ነጋዴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ነጭ ዘር በሐምሌ? የኔ ጌታ፣ ዘሩን ሰው በጥር ለይቶ አስቀምጦታል። አሁን ያለው ይኸው ነው።» ሰርገኛ ነበር፤ ቀዩና ነጩ የተደባለቀ። ከወር ደመወዜ ሩብ ያህሉን አስከፍላኝ ወሰድኩ። ቤት ገብቼ ለሁለት ቀን በወንፊት ነፋሁት፤ በጓዳ፣ በሩን ዘግቼ። ያ ጓዳ አልገባም ያልኩት ሰውዬ!

ሰኞ አያ ፈንቴ መጣ። እፍኝ ዘግኖ እፍ አለበት፣ መዳፉ ላይ አንከባለለው፣ ወደ ብርሃን ወጥቶ አየው።

«ጌታው፣ ይኼ ሰርገኛ ነው።»

«ከሥር ስለነበረ ነው የጠቆረ።»

«የወይዘሮ የዝና ጤፍ እንዲህ አይደለም።»

«ታዲያ የማንን ልሰጥህ ነው? አስናቁ! ነይ እስቲ እዚህ። እናትሽ ደብኝቱ ውስጥ ያስቀመጠችው ይኼ አይደለም?»

ለምን እንደጠራኋት ዛሬም ለራሴ ማስረዳት አልችልም። ገበሬ እንደማያምነኝ ሳውቅ የልጅ ምስክርነት ፈለግኩ። አስናቁ መሬት መሬት አየች። «ነው» አለች። አያ ፈንቴ ስልቻውን ሞልቶ ሄደ።

ያ ሳይበቃኝ ልጅቷን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ጊዜውን አይቼ እኔው እነግራታለሁ።» እሺ አለች። «ሚካኤልን በይ» አልኳት። «በይ እንጂ።» «ሚካኤልን» አለች። የአሥር ዓመት ልጅ ሚካኤልን ካለች በኋላ ብትናገር ምን እንደሚደርስባት ታስባለች፤ እኔ ያን ጊዜ የታሰበኝ የራሴ ፊት ብቻ ነበር።

አማቴ በነሐሴ ሞቱ። የዝና መንገዱ ሲደርቅ፣ አደይ ሲፈነዳ ተመለሰች። ጸጉሯን ተላጭታ፣ ቀሚሷን ጥቁር አስነክራ፣ ከስታ። ሕፃኑን ከጀርባዋ ሳታወርድ ነው የጠየቀችኝ።

«ፈንቴ ዘሩን ወሰደ?»

«ወሰደ።»

«እሰይ። እማማ ሲደክሙ እንኳ ‹ጤፌ ተዘራ?› ይሉኝ ነበር። ተዘርቷል እማማ፣ የልጅዎ ባል አይረሳም አልኳቸው። እሺ ብለው ነው ያሸለቡት።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሐዘንተኛ ናት፣ ትረጋጋ አልኩ። ነገ እላለሁ፣ ነገ ሲመጣ እሑድ እላለሁ። ማሳው ግን እሑድን አይጠብቅም፤ ጤፉ እያደገ ነው፣ ዘለላ ሲያወጣ ቀዩና ነጩ በሩቅ ይለያል። አያ ፈንቴ ገበያ በመጣ ቁጥር «ወይዘሮ የዝና ወርደው አያዩትም?» ይላል፤ እያለም እኔን ያየኛል።

የዝና ማሳውን ለማየት ያልወረደችው በአስናቁ ምክንያት ነው። ልጅቷ ተለወጠች። እናቷን ሦስት ወር ሙሉ ስትናፍቅ ኖራ፣ እናቷ ስትመጣ ትሸሻት ጀመር። የዝና ጓዳ ከገባች እሷ ደጅ ትወጣለች። ጸጉሯን ልትሠራት ስትቀመጥ ሆዴን አመመኝ ብላ ትነሣለች። ማዕድ ላይ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። በጥቅምት አጋማሽ አንገቷ ቀጥኖ የትናንቷ ልጅ አትመስልም ነበር።

«ልጄን ምን ነካብኝ?» ትላለች የዝና። «እኔ በሌለሁበት የሆነችው ነገር አለ? ደንግጣ ነበር? ወንዝ ወርዳ ነበር?»

«ምንም አልሆነች። እናቷ ተለይታት ነው» እላለሁ።

መጀመሪያ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዘንድ ወሰደቻት። መርፌ አንድ ብር ከሃምሳ፣ ሦስት ጊዜ። የወሩ ገንዘብ አልቆ ነበርና ለእሱ ከእናቷ የወረሰችውን የብር አምባር ሸጠች። እኔ ከጎኗ ቆሜ አምባሩ ሚዛን ላይ ሲወጣ አየሁ። ብር ነጋዴው ሲቆጥርላት አየሁ፤ አፌን አልከፈትኩም። መርፌው ምንም አልፈየደም። እትዬ ውዴ «ይኼማ የሰው ዐይን ነው፤ ያን የላስቲክ ልብስ ለብሳ ስትሄድ ያላያት አልነበረም» አለች። የዝና ጠበል ልታስጠምቃት ቆረጠች። ሰባት ጠዋት።

ጠበሉ ከከተማው በታች ቁልቁል ወርደው ነው። የኅዳር ብርድ አጥንት ይሰብራል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የዝና ብቻዋን ወሰደቻት፤ በአራተኛው ቀን «እርስዎም ይምጡ፤ አባት ሲኖር ጥሩ ነው» አለችኝና ተከተልኳቸው። ሰው ብዙ ነበር። ከመሥሪያ ቤቴ የሚያውቁኝም ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላምታ ሰጡኝ። የጠበሉ አባት ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ፤ ድምፃቸው ከሰውነታቸው ይበልጣል። አስናቁ ቀጭን ሸማ ለብሳ ከውሃው ሥር ገባች። ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ከቆምኩበት ይሰማኛል። መስቀሉን ጭንቅላቷ ላይ አደረጉ።

«ማነህ? ተናገር! ይህችን ሕፃን ምን አገኘህባት?»

ልጅቷ አለቀሰች።

«ተናገር!»

«አልናገርም!» ብላ ጮኸች ልጄ። «አልናገርም፤ ሚካኤልን ብያለሁ!»

ሕዝቡ እልልታና ጸሎት አንድ ላይ አደረገው። «አስሯታል! እንዳትናገር አስሯታል!» አሉ ሴቶቹ። የዝና መሬት ላይ ተደፍታ «አባቴ፣ ይፍቱልኝ፣ ልጄን ይፍቱልኝ» እያለች ድንጋዩን ትስማለች። መነኩሴው ውሃውን ጨመሩ። የልጅቷ ከንፈር ጠቆረ። ሌላ ሰባት ቀን ያስፈልጋታል ሲሉ ሰማሁ።

እግሬ መቼ እንደተንቀሳቀሰ አላውቅም። ከነጫማዬ፣ ከነካኪ ኮቴ ውሃው ውስጥ ገባሁና ልጄን ያዝኳት።

«ይብቃ አባቴ። ጋኔን የለባትም። እኔ ነኝ ያስማልኳት።»

መነኩሴው መስቀሉን ከልጅቷ ራስ ላይ አነሡ።

«ምን ብለህ አስማልካት?» አሉኝ መነኩሴው፤ ድምፃቸው ወርዶ።

ተናገርኩ። ዘሩን አስፈጭቼ መብላቴን፣ ሰርገኛውን፣ አያ ፈንቴን፣ ልጅቷን ምስክር ማድረጌን፣ ሚካኤልን በይ ማለቴን። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ባርኔጣቸውን ያነሡልኝ ሰዎች እግራቸውን ያያሉ። የዝናን ማየት አልቻልኩም። በዚያች ሰዓት እንደ መነኩሴው ያዘነልኝ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ወደ ልጅቷ ዞሩና መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው «ልጄ፣ መሐላሽ ከአንቺ ላይ ይውረድ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ። በአንቺ አልነበረም» አሏት። አስናቁ እናቷን አየች። ከዚያ «እማዬ፣ ያንቺ ጤፍ አልተዘራም» አለችና እንደ ሕፃን ሳግ እየያዛት አለቀሰች።

የዝና በነጠላዋ ጠቅልላ አዘለቻት፤ የአሥር ዓመት ልጅ። ልቀበልሽ ብላት አልሰማችኝም። ያን ዳገት እያለከለከች ወጣች፣ እኔ ከኋላ ውሃ በተሞላ ጫማዬ እየተንሿሿሁ። አንድ ጊዜም አልዞረችም።

ቤት ስንደርስ ልጅቷን አድርቃ፣ እሳቱ አጠገብ አስቀመጠቻት። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ፤ እንዲቀጡት እንደሚጠብቅ ተማሪ። ትጮኻለች፣ ትረግመኛለች፣ ወደ ሞጣ እመለሳለሁ ትላለች ብዬ ለሁሉም ተዘጋጅቻለሁ። የዝና ከድስቱ ወጥ እየጨለፈች ልጅቷን ጠየቀቻት።

«ራበሽ ልጄ?»

አስናቁ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችውና ቀና ብላ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ ፊት አየች። ምን እንድትል እንደምፈልግ ፊቴ ላይ ፈለገች። ከዚያ በኋላ ነው «አዎ» ያለችው።

የዝና ጭልፋውን አስቀመጠች። በዐሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችኝ።

«አየኸው?»

«አየሁ።»

«ጤፉን ልጆቼ ናቸው የበሉት፤ ባዕድ አልበላውም። እማማም ቢኖሩ ይኼኑ ይሉኝ ነበር፤ ልጅ ርቦት ዘር አይቀመጥም። ይኼን ግን በምን ትመልሰዋለህ?»

ሰርገኛው በታኅሣሥ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ተበላ። የዝና ስለ ጤፍ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። በየደመወዙ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የምትለውን እሰማ ጀመር፤ ጓዳም ገባሁ፣ ቁናም ያዝኩ፣ ሰውም ሳቀ። ልጆቹም አደጉ። የዝና ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል።

አስናቁ ዛሬ የስድሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ የልጅ ልጅ ያየች። ባለፈው ፋሲካ ቤቷ ተሰብስበን ሳለ ትንሿ የልጅ ልጇ መጥታ «እማማ፣ ደከመሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እንዲሁ የልጅ ጥያቄ ነው። አስናቁ ፈገግ አለች፤ ልትመልስላት ስትል ግን ዐይኗ ሳታውቀው እኔ ከተቀመጥኩበት ጥግ ሄዶ፣ ፊቴን አይቶ ተመለሰ። «አልደከመኝም» አለቻት። ከእኔ በቀር ያየ ሰው አልነበረም።